የዓሣ ነባሪ ድምፅ ማጥናት ከፈለግሽ ፊዚክሱን አትሽሺው

ሰላም እህቴ፣

ሲያትል ኮሚኒቲ ኮሌጅ እየተማርሽ ነው፣ የዓሣ ነባሪዎችን ድምፅ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፣ ግን ፊዚክስ ስለከበደሽ ባዮሎጂ ብቻ ይዘሽ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አይሻልም። ይህ ሙያ «እንስሳው ምን አለ?» ብሎ አያቆምም። ድምፁ ከየት ተነስቶ፣ በየት አልፎ እዚህ ደረሰ የሚለውን መመለስ አለብሽ።

ሰማያዊ ዓሣ ነባሪን እንይ። የሚጣራው 20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) አካባቢ በሆነ፣ ለጆሯችን በጭንቅ በሚሰማ ወፍራም ድምፅ ነው። ባሕር ቀጭን ድምፅን ቶሎ ይውጠዋል፣ ወፍራሙን ግን ያሳልፈዋል። ድምፅ በባሕር ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፣ አየር ላይ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ። ወደ ታች ሲወረድ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ይዘገያል፣ እየጠለቀ ሲሄድ ደግሞ ግፊቱ መልሶ ያፈጥነዋል፣ ስለዚህ በብዙ ውቅያኖሶች 1,000 ሜትር አካባቢ ድምፅ ከሁሉ የሚዘገይበት ንብርብር አለ። ድምፅ ሁሌም ወደሚዘገይበት በኩል ይታጠፋል። እዚያ የገባ ወፍራም ድምፅ ወለሉንም ላዩንም ሳይነካ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ሶፋር ቻናል የሚሉት ይህን ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ለመከታተል የዘረጋቸው ሃይድሮፎኖች (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎኖች) ዓሣ ነባሪም የሚሰሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአንቺ አካባቢ ኦርካዎች (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባሉት) ጉዳይ ሌላ ነው። ፉጨታቸው በሺዎች ኸርዝ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፣ ሲያትል አጠገብ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ፑጀት ሳውንድም፣ ለሶፋር የሚበቃ ጥልቀት የለውም። ሳልሞን የሚያድኑት በድምፅ ነው፣ የመርከብ ጫጫታ ሲበዛ ምግባቸውን ያጣሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ሙያው ሰው የሚፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ማታ ኢርፎንሽን አድርጊና ኦርካሳውንድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የባሕር ውስጥ ድምፅ በቀጥታ ስሚ። ኦርካ ባይመጣ እንኳ የመርከብ ሞተር ሲቀርብና ሲርቅ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ከተቀዱት ድምፆች አንዱን አውርደሽ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስፔክትሮግራም ሥሪለት፤ ወፍራሙን ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ አድርጎ በጊዜ የሚያሳይ ምስል ነው። የመርከቡ ጫጫታ ከታች በኩል ደመቅ ብሎ ይተኛል፣ የኦርካው ጥሪ ከላይ ይጠማዘዛል።

ለኮርስ፦ ካልኩለስ፣ ሞገድ ያለበት ፊዚክስ፣ ፕሮግራሚንግ። ባዮሎጂውን ጎን ለጎን ያዢው። እዚያው ከተማሽ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ውስጥ የውቅያኖስ ድምፅ የሚያጠና የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ አለ። ለአንድ ተመራማሪ አጭር ኢሜይል ጻፊ፣ የሠራሽውን ምስል አያይዥና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። መልስ ካላገኘሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሰው ጻፊ። ከመላክሽ በፊት ኢሜይሉን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።