ባለ 2 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ምን ልጫን ላልከው

ጥያቄህን ሳጥረው እንዲህ ነው፦ 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴል አለህ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፤ ብራውዘር ስትከፍት ስታክ ያደርጋል። እህትህ ለትምህርት ልትጠቀምበት ስለሆነ ቀለል ያለ ሲስተም ትፈልጋለህ። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ላይ የደረስኩት ሁለቴ ተሳስቼ ነው።

የኔው ዴል ላቲቲዩድ ዲ630 ነው። ኮር 2 ዱኦ፣ 2 ጊጋ ራም፣ ባትሪው የሞተ። ቻርጀሩ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። መጀመሪያ ዊንዶውስ 7 መለስኩበት። ፈጠነ፣ አልዋሽም። ግን ክሮም ለዊንዶውስ 7 ከ109ኛው ቨርዥን በኋላ አዲስ አይሰጥም፤ ማይክሮሶፍትም ትቶታል። ያንተው ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ 11 አሳድጋለሁ እንዳትል፣ ያኛው ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ስህተቴ ፐፒ ሊኑክስን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ቀላልና ነፃ ሲስተም፣ ከፍላሽ ማስነሳቴ ነበር። ፍጥነቱ ጉድ ነው፤ ጠቅላላ ሲስተሙ ራም ላይ ስለሚወጣ ሃርድ ዲስኩን አይጠብቅም። ችግሩ ከፍላሽ ሲሠራ የጻፍከውን ራም ላይ ይዞ ይቆይና ፍላሹ ላይ የሚያስቀምጠው በየተወሰነ ጊዜ ወይም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሳይመንቱን ሴቭ እያደረገ ሲጽፍ አመሸ። መብራት ሄደ። ባትሪ የለም። ሲመለስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች የሉም። "ሴቭ አድርጌ ነበር እኮ!" እያለ ሲምል እኔ ነበርኩ ጥፋተኛው። ባትሪህ ደህና ከሆነ ይህ አያስፈራህም።

አሁን ያለው አንቲክስ የሚባል ሌላ ቀላል ሊኑክስ ነው። አጻጻፉ አንቲኤክስ ይመስላል እንጂ ሠሪዎቹ ራሳቸው "አንቲክስ" ነው የሚሉት። ደቢያን በሚባለው የታወቀ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ በደንብ ይጫናል። የኔው ላይ ገና ሲነሳ 200 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚይዘው። መልኩ አያምርም፤ እህትህ የመጀመሪያ ቀን ታማርር ይሆናል። ሉቡንቱ የሚባለው ሌላ ሊኑክስ ለዓይን ይሻላል፣ ለዊንዶውስ ለለመደ ሰውም ይቀርባል። እኔ ግን 4 ጊጋ ላለው እንጂ ለ2 ጊጋ አልመርጠውም።

ከማውረድህ በፊት ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን እይ። ኮር 2 ዱኦ ከሆነ አትጨነቅ። ከድሮዎቹ ትንንሽ ኔትቡኮች ከሆነ ግን 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ሉቡንቱ ከ19.04 ጀምሮ ለ32 ቢት አያወጣም፤ ደቢያን 13ም የ32 ቢት መጫኛውን ትቷል። አንቲክስ 23 ግን ለሁለቱም አለው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሲስተሙን የቱንም ያህል ብታቀለው ብራውዘሩ አይቀልልህም። ፋየርፎክስ ላይ ሦስት አራት ታብ ከተከፈተ 2 ጊጋው አለቀ። የዩቲዩብን ጥራት 360 ላይ አድርጋ ትይ፣ ሌላውን ታብ ትዝጋ። ትንሽ ብር ካለህ መጀመሪያ ራም ጨምር። ስትገዛ የነበረውን አውጥተህ ይዘህ ሂድ፤ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ የሌላው ቦታ ላይ አይገባም። ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ። የኔው ላይ ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው፤ ሲስተም መቀየሩ እንኳ ያን ያህል አላመጣም።

ፎርማት ከማድረግህ በፊት አንቲክስን ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጽፈህ ከፍላሹ ብቻ አስነሳው። ምንም ሳይጠፋብህ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የስክሪን ብርሃኑን ትሞክራለህ። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ "ዴሞ" ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። የኔው የዋይፋይ ካርድ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ የሠራው ነበርና አልተነሳም፤ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስልኬን በዩኤስቢ ሰክቼ ዳታውን አጋራሁት፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው አወቀው። ጥቅል ግዛ ግን፣ የመጀመሪያው አፕዴት ብዙ ሜጋባይት ይበላል።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ጫን። በእንግሊዝኛ ፊደል ሰላም ብላ ስትጽፍ በግዕዝ ይወጣላታል። ፎንት ደግሞ አቢሲኒካ እዚያው ደቢያን ውስጥ አለ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፉ ፋይሎች ካሉህ ግን ዊንዶውሱን ከማጥፋትህ በፊት ፒዲኤፍ አድርጋቸው፤ ፎንታቸው ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ነው የሚከፈቱት።

ከፍላሽ አስነስተህ ዋይፋዩ እምቢ ካለህ የካርዱን ስም እዚህ ጻፍ፣ አብረን እናየዋለን።