«የላቦራቶሪ ትምህርቱን በዙም ነው የጨረስኩት፣ ይቀበሉኛል?»

እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ የጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ትማር ነበር፣ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ ኮሌጁ በኮሮና ሲዘጋ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላቡን (የላቦራቶሪ ሙከራውን) በዙም ነው የጨረስኩት። ሜዲካል ስኩሎቹ ይቀበሉኛል?» አለችኝ። ጓደኛዋ ይቀበላሉ ብላታለች። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አይቀበሉም ተብሏል። «ራሳቸውን ጠየቅሽ?» ስላት ዝም አለች።

ያ ዝምታ ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። የራሴን አስታወሰኝ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ፤ ለማመልከት ላሰብኩበት ትምህርት ቤት የቀረኝ የአንድ ዓመት ባዮሎጂ ነው። የክፍሉ ሰዓት ከሥራዬ ጋር ተጋጨብኝ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ግን በቴሌቪዥን የሚሰጥ ባዮሎጂ ነበረው። ትምህርቱን ቤትህ በካሴት ታያለህ፣ ኮሌጅ የምትሄደው ለፈተና ብቻ ነው። ላብ የለውም። አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ፣ አዳምስ ሞርጋን፣ ሐበሻ ቤት ራት እየበላን አንድ ቀድሞኝ የመጣ ልጅ «ክሬዲት ከሆነ ምን ቸገረህ» አለኝ። አመንኩትና ተመዘገብኩ።

የትምህርት ቤቱ የመግቢያ ቢሮ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌው ሦስት ወር ይዤው ዞርኩ። ያልደወልኩት እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን በእጅም በዓይንም ትግባባለህ፣ ስልክ ላይ ድምፅህ ብቻ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ካለ ስልክ ሳንቲም ከትቼ ደወልኩ። ሴትየዋ «ሄሎ» ስትል ዘጋሁት።

በሚያዝያ ደብዳቤ መጣ። ባዮሎጂው ላብ ስለሌለው መስፈርቱን አያሟላም ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ ከነላቡ እንደገና ወሰድኩት። ያኔ ግድ ሆኖብኝ ደወልኩ። ሴትየዋ የምፈልገውን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ነገረችኝ፣ በትሕትና። አንድም ቃል አላስደገመችኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እናንተ ልጆች እዚህ አሜሪካ ያደጋችሁ ናችሁ፣ እንግሊዝኛው አፍ መፍቻችሁ ነው። ታዲያ ለማታውቁት ሰው በቴሌግራም ሁሉን ትነግራላችሁ፣ ለመግቢያ ቢሮ አራት መስመር ኢሜይል መጻፍ ለምን ይከብዳችኋል? ይሄ ያናድደኛል።

የዚያ ዓመት ነገር ደግሞ በወሬ የሚያዝ አልነበረም። በመጋቢት ኮሌጆች ሲዘጉ ብዙ ሜዲካል ስኩሎች የዚያን ሴሚስተር ኦንላይን ኮርስና ፓስ ፌይል (አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ የሚል ውጤት) እንቀበላለን አሉ። ግን አንዱ ለዚያ ሴሚስተር ብቻ ነው አለ። ሌላው ኮሌጁ ተገዶ ወደ ኦንላይን ካዞረው እሺ፣ ራስህ መርጠህ ከሆነ አይሆንም አለ። ማርክ የማግኘት ምርጫ ከነበረህ ማርኩን አምጣ የሚልም ነበር። የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው ኤምካት እንኳን ያን ዓመት ከ7 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አጥሮ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የገባ ልጅ የሚነግራችሁ ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። መጀመሪያ ኤምሳር ላይ (የሜዲካል ስኩሎች መስፈርት የተሰበሰበበት የኦንላይን መዝገብ ነው) የየትምህርት ቤቱን መስፈርት እዩ። ከዚያ ጻፉላቸው፣ መልሱንም አስቀምጡት።

ላብ በስክሪን ላብ ይባላል ወይ ካላችሁኝ፣ አይባልም። እጅ መንካት አለበት። ግን ይህን ስል ደሴ የተማርኩበት ክፍል ትዝ ይለኛል። ስድሳ ነበርን፣ ምድጃው አንድ ነው። መምህሩ ሲያቀጣጥሉት እኔ ከኋላ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቼ ነበር የማየው። የሙከራ ቱቦ አንድ ቀን አልጨበጥኩም። ኬሚስትሪን የወደድኩት ግን እዚያ ነው። እና እንጃ፣ የዙሙን ልጅ አልተማርክም ለማለት አፌ አይደፍርም።

ልጅቷ በማግስቱ ለዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ጻፈች። አራቱ መለሱላት። ሦስቱ እንቀበላለን አሉ። አራተኛው ላቡን በአካል ድገሚ አላት፣ ከሁሉም አብልጣ የምትመኘው ደግሞ እሱን ነበር። ኮሌጁ ላቡን ከከፈተ በጥር እመዘገባለሁ አለች።