ከሕጉ ነፃ ከሆነ ሥራው ምንድን ነው?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ አላት። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ በጥራት ቁጥጥር ትሠራለች። አንድ የቀለም አምራች በሬጉላቶሪ ስፔሻሊስትነት ሊቀጥራት ለኢንተርቪው ጠርቷታል። ማስታወቂያው «ፖሊመር ኤግዘምፕሽን የሚያውቅ» ይላል፤ ይህም ፖሊመር (ሞኖመር ከሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት) አስቀድሞ ከማሳወቅ ግዴታ ነፃ የሚሆንበት ደንብ ነው። «ፖሊመሮቹ ከሕጉ ነፃ ከሆኑ እኔ ምን ልሠራ ነው? ሕግስ ሳልማር ይሆንልኛል?» ስትል ጽፋለች።

ሰላም እህቴ። ሂጂ፣ ተፈተኚ። ይህ ቦታ ከጠበቃ ይልቅ ለኬሚስት የሚመች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ቶስካ በሚባለው የ1976ቱ ሕግ መሠረት፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሌለ አዲስ ኬሚካል የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት ከ90 ቀን በፊት ለኢፒኤ (ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ) ማሳወቅ አለበት። ለፖሊመሮች ግን በ1984 ልዩ ደንብ ወጣ። በ1995 ሲሻሻል ደግሞ አስቀድሞ ማሳወቅ ቀረ። መስፈርቱን ያሟላ ፖሊመር ያለው ኩባንያ ማንንም ሳይጠይቅ ማምረት ይጀምራል። ማምረት በጀመረ በቀጣዩ ዓመት እስከ ጃንዋሪ 31 አጭር ሪፖርት ይልካል። ማስረጃውን ግን ለ5 ዓመት ማስቀመጥ አለበት።

ስለዚህ «ይህ ነፃ ነው» ብሎ የሚወስነው ኩባንያው ራሱ ነው። ኢፒኤ መጥቶ ፋይሉን ሲጠይቅ «መስሎን ነበር» ማለት አያዋጣም። የሚፈልጉት ያንን ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሙያ እንምጣ። ትልቅ ሞለኪውል የሕዋስን ሽፋን አልፎ ሰውነት ውስጥ መግባት ይቸግረዋል። የሚያሳስቡት በፖሊመሩ ውስጥ የሚቀሩት አጫጭር ሰንሰለቶች ናቸው። ለዚህ ነው ደንቡ በቁጥር የሚናገረው። አማካይ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ1,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ጀምሮ ከ10,000 በታች ከሆነ፣ ከ500 ዳልተን በታች ያለው ክፍል ከ10 በመቶ ማነስ አለበት። ከ1,000 በታች ያለው ደግሞ ከ25 በመቶ። አማካዩ 10,000 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ገደቡ ወደ 2 እና 5 በመቶ ይጠብቃል። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ሞለኪውሎችን በመጠናቸው ከሚለየው የላብራቶሪ ዘዴ፣ ከጂፒሲ ነው። በጂፒሲ የሠራ ሰው ግራፉን ያነባል፣ ቤዝላይኑ የት እንደተቆረጠም ይጠይቃል። ይህንን የሕግ ትምህርት ቤት አያስተምርም።

በኢንተርቪው ላይ እንዲህ ቢሉሽስ፦ «አማካዩ 4,000 ዳልተን ነው፣ ከ500 በታች ያለው 12 በመቶ ነው። ነፃ ነው?» ብዙ ሰው «አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። አንቺ «ፖሊስተር ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ደንቡ በዘረዘራቸው ጥሬ ዕቃዎች ብቻ የተሠራ ፖሊስተር ከክብደቱ ገደብ ውጭ በሌላ በር ሊገባ ይችላል። ይህን የጠየቀች አመልካች አትረሳም።

ክብደቱ ቢያልፍም የሚወድቁ አሉ። በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት አደገኛ ስለሆኑ አብዛኞቹ ካታዮኒክ (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው) ፖሊመሮች አይፈቀዱም። በቀላሉ የሚበሰብሱም እንዲሁ። የተወሰኑ የፒፋስ (ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች) ሰንሰለት ያለባቸው በ2010 ከነፃነቱ ተወግደዋል። በመዝገቡ የሌለ ሞኖመር ከ2 በመቶ በላይ ከገባበትም አበቃ።

አሰልቺውንም ልንገርሽ። ሬዚኑ (ቀለሙን የሚያያይዘው ፖሊመር) ከውጭ አገር ሲገዛ ተጠያቂው አስመጪው ነው፤ ሻጩ ደግሞ የቅመማውን ዝርዝር «የንግድ ምስጢር ነው» ብሎ ይደብቃል። ከዚያ የማረጋገጫ ደብዳቤ ፍለጋ ኢሜይል፣ እንደገና ኢሜይል። ለዚህ ትዕግሥት ከሌለሽ ላብራቶሪሽ ይሻልሻል።

ለአውሮፓ የሚሸጡ ከሆነ ሪች የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግ በጥቂቱ እይ። እዚያ ፖሊመሩ አይመዘገብም። ነገር ግን በፖሊመሩ ውስጥ 2 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ሞኖመር በዓመት 1 ቶን ከደረሰ፣ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ቀደም ብሎ ያለ አቅራቢ ካላስመዘገበው ሞኖመሩ ይመዘገባል። አሜሪካ ያለፈ ሁሉ እዚያ ያልፋል ብለሽ አትመልሺ።

ለዝግጅት የኢፒኤን የ1997 የፖሊመር ኤግዘምፕሽን መመሪያ አንብቢ፤ በነፃ ይገኛል፣ ምሳሌዎቹም ጥሩ ናቸው። ደንቡ ራሱ በፌዴራል ደንቦች ስብስብ (ሲኤፍአር) ውስጥ 40 ሲኤፍአር 723.250 ነው። ሬዙሜሽ ላይ «የጥራት ቁጥጥር» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ጂፒሲ፣ የቀሪ ሞኖመር ልኬት፣ የመዝገብ አያያዝ ብለሽ ዘርዝሪ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ የግል ድርጅት ግን የሥራ ፈቃድ ይበቃዋል።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ዝም አትበይ። ጂፒሲውን የሚሠራው ማን እንደሆነና «ነፃ ነው» የሚለው ወረቀት ላይ ማን እንደሚፈርም ጠይቂ። ፈራሚዋ አንቺ ከሆንሽና ልኬቱን የማየት መብት ከሌለሽ፣ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ደግመሽ አስቢበት።