ባሌ ተራሮች ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ አዲስ አበባ ያሉ እናትን እንዴት እናሳርፍ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ አገር ቤት ስመጣ ባሌ ተራሮችን ላሳያቸው አስቤያለሁ። ዲንሾ አድረን ሳነቴን ካቋረጥን በኋላ ሐረና ጫካ ውስጥ ሁለት ሌሊት በድንኳን እናድራለን። የሚያሳስበኝ አዲስ አበባ ብቻዋን የምትኖረው እናቴ ናት፤ በየማታው ካልደወልኩላት እንቅልፍ አይወስዳትም። ከዚህ ቀደም ወደ ሌላ ገጠር ሄጄ ስልኬ አልሠራ ሲል፣ ጎረቤት ሰብስባ ስታለቅስ ነበር የደረስኩት። ሁለት ሲም ካርድ ብይዝ ይበቃኛል ወይስ የሳተላይት ስልክ ልግዛ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከሲሙም ከሳተላይት ስልኩም ይልቅ እናትዎን የሚያሳርፋቸው ከመነሳትዎ በፊት ከእርሳቸው ጋር የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ስለ ስልኩ የጠየቁትን ግን ላስቀድም።

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል እንጂ የሚተማመኑበት አይደለም። የሞባይል ሞገድ ከኔትወርክ ማማው ወደ ስልክዎ የሚመጣው በአመዛኙ ቀጥ ብሎ በመሆኑ፣ መካከል ላይ ሸንተረር ከገባ ማማው ቅርብ ቢሆንም ስልኩ አያገኘውም። መንገዱ 4,000 ሜትር ከፍታ ካለው ከሳነቴ አምባ ወደ ሐረና ቁልቁል ሲወርድ፣ ተራራው ከኋላዎ ቆሞ በጎባ ከተማ በኩል የሚመጣውን ሞገድ ይጋርደዋል፤ የቀረውንም ጥቅጥቅ ያለው እርጥብ ደን ያዳክመዋል። ስለዚህ አምባው ላይ ስልክዎ ቢሠራ እንኳ «ማታ ከጫካው እደውላለሁ» ብለው ለእናትዎ ቃል አይግቡ። ብዙ የገጠር ማማዎች በፀሐይ ኃይል፣ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ስለሚሠሩም ቀን የነበረው ኔትወርክ ማታ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለት ሲም መያዝዎ አይከፋም፤ ሆኖም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. በመሆኑ በገጠሩ ሰፊው ሽፋን የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ አንድ ብቻ ከያዙ እርሱን ይያዙ። ከአሜሪካ የሚያመጡት ስልክ በውል የተገዛ ከሆነ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያው ሳሉ ያስከፍቱት።

ፓርኩ ውስጥ ስልኩ ደካማ 4ጂ ይዞ የሚንገታገት ከሆነ ከማስተካከያው ገብተው ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ያውርዱት። ድምፅ ባያልፍም አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ለእርሱ ለአፍታ ብቅ ያለ ኔትወርክ ይበቃዋልና። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ግን ስልኩ ማማ ሲፈልግ ባትሪውን ስለሚጨርስ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። በታኅሣሥ የሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ብርድ ደግሞ ባትሪን በፍጥነት ስለሚያዳክም ስልኩንና ፓወር ባንኩን ከእርስዎ ጋር መኝታዎ ውስጥ ያሳድሯቸው። ካርታውን አስቀድመው ካወረዱት ጂፒኤስ ያለ ሲምም ይሠራል። ቴሌብር ግን ያለ ኔትወርክ ስለማይሠራ ለፈረስና ለመንገድ መሪ የሚከፍሉትን በጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

የሳተላይት ስልኩን ይተዉት። ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ከያዙት ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል። አዳዲሶቹ አይፎኖች ያላቸው የሳተላይት የአደጋ ጥሪም አሜሪካ ውስጥ ይሠራል እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራምና አይመኩበት።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። እናትዎን ያስለቀሳቸው የስልኩ መጥፋት ብቻ አይመስለኝም፤ እንደሚጠፋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለው የጉዞውን ቀናት አንድ በአንድ ይንገሯቸው፤ በየትኞቹ ቀናት እንደማይደውሉም ቁርጡን ያሳውቋቸው። ሲደውሉ ስልክዎ ከአገልግሎት ክልል ውጪ መሆኑን የሚገልጸውን ድምፅ ከሰሙ «ልጆቼ ሐረና ገብተዋል» ብለው እንዲረዱት ያድርጉ። በትልልቅ ፊደል በተጻፈ ወረቀት ላይ የሹፌሩን ስም፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የመሪዎን ስልክና ዲንሾ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስልክ ያስፍሩላቸው። የወረቀቱን ቅጂ ደግሞ በቀላሉ ለማይደናገጥ ወንድም ወይም ጎረቤት ይስጡ፤ ሰዓቱ ቢያልፍ የሚደውለው እርሱ ይሁን።

ሰዓቱን ሲቆርጡ ሰፋ ያድርጉት። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጎባ እንደርሳለን ብለው ቢያስቡም ጎማ ሊፈነዳ ወይም ጭጋግ መንገድ ሊይዝ ይችላልና፣ ለእናትዎ «እስከ ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ካልደወልን ያን ጊዜ አስፈልጉን» ይበሏቸው። ጠባብ ቀጠሮ ከሰጧቸው የእያንዳንዱ ሰዓት መዘግየት እንደ አደጋ ይቆጠራል።

ከልብ የምለምንዎ ሌላ ነገር አለ፤ መኪናው ጥሏችሁ እንዳይመለስ። ሹፌሩ አብሯችሁ ይደር። ሳነቴ ላይ ከልጆቹ አንዱ ራሱን አጥብቆ ካመመውና ካስመለሰው የከፍታ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጊዜ ሳያባክኑ ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ይገባል፤ ሪፈራል ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ጎባ ቢወርዱ ይሻላል። ከመሪዎ ጋር ሲዋዋሉም አንድ ሰው ቢታመም ማን፣ በምን እንደሚያወርደውና የፓርኩ ጠባቂዎች የመገናኛ ሬዲዮ ይዘው እንደሆነ ይጠይቁት።

ጎባን ከመልቀቅዎ በፊት ይደውሉና ልጆቹንም በስልክ ያገናኟቸው። ከዚያ ወዲያ ድንገት መልእክት መላክ ቢያስፈልግዎ፣ በጎባና በደሎ መና መካከል የሚመላለሱት መኪኖች ሐረናን አቋርጠው ነው የሚያልፉት። የእናትዎን ስልክ ቁጥርና ሁለት መስመር መልእክት በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከጥቂት የካርድ ገንዘብ ጋር ለአንዱ ሹፌር ቢሰጡት፣ ከተማ ሲገባ ይደውልልዎታል።