ስለ ጨጓራ ካንሰር የፕሮቲን ምርመራ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው፦ ከሰው አካል የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ መመርመር። የጨጓራ ናሙና በየቀኑ አያለሁ። የካንሰሩን አካሄድ ወይም የመድኃኒቱን ውጤት ስለሚጠቁሙ ፕሮቲኖች ጠይቁኝ። አደራ፣ የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር አትጻፉ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ዶክተር፣ የአባቴ ውጤት «ኸር-2፣ 2 ፕላስ» ይላል። ጥሩ ነው መጥፎ?

መልስ፦ ገና አላለቀም። ኸር-2 በካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ናሙናውን በቀለም ስናየው ምን ያህል እንደቀለመ በቁጥር እንጽፋለን። 0 እና 1 ፕላስ ኔጌቲቭ ነው፣ 3 ፕላስ ፖዘቲቭ። 2 ላይ ሲቆም ጂኑ መብዛቱን የሚያሳየው ፊሽ የሚባል ምርመራ ይታዘዛል። ሐኪሙን «ፊሽ ተልኳል ወይ?» በለው። ፖዘቲቭ ከሆነ ኸር-2ን የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሊሰጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ቶጋ በተባለ ጥናት፣ ይህ መድኃኒት ሲጨመር ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ሰዎች መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከ11.1 ወደ 13.8 ወር ከፍ ብሏል። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል ማለት ነው። የአባትህ ቀን አድርገህ አትቁጠረው።

ነርሷ፦ ከአንዱ ላብ ኔጌቲቭ፣ ከሌላው ፖዘቲቭ የሚመጣው ለምንድነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አንደኛ፣ ጨጓራ ላይ ኸር-2 እዚህ አለ፣ ትንሽ ፈቀቅ ስትዪ የለም። ስለዚህ ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም ከ6 እስከ 8 ቁራጭ ይውሰድ። አንድ ፍርፋሪ ይዞ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጨጓራን በጡት ካንሰር መስፈርት የሚያነብ አለ። የጨጓራ ሴል ብዙ ጊዜ ጎንና ሥሩ ብቻ ይቀለማል፣ አናቱ ክፍት ይቀራል። በጡት መስፈርት ካነበብሽው ፖዘቲቩ ያመልጥሻል።

ሦስተኛው ፎርማሊን ነው፣ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ። ደጋግሜ እላለሁ፦ 10 ፐርሰንት፣ ቡፈር ያለው፣ መጠኑ የሥጋው 10 እጥፍ። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ። ሙሉ ጨጓራ በጠባብ ዕቃ ታጭቆ ይመጣል። ሳይከፈት፣ ሳይታጠብ። ስቆርጠው ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሀሉ ቀይ ነው፣ ይሸታል። እዚያ መሀል ያለው ፕሮቲን ፈርሷል። የዚያ ናሙና «ኔጌቲቭ» የሚታመን አይደለም።

እንግዳ፦ ሲኢኤ በደም ምርመራ ከፍ ብሎብኛል። ካንሰር ነው?

መልስ፦ ሲኢኤ በአንዳንድ ካንሰር ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ ብቻውን ግን አይናገርም። አጫሽ ላይም ከፍ ይላል። ሐኪምህ ዘንድ ሂድ።

እንግዳ፦ ይህን ሁሉ የሚያመጣው ግን በርበሬ ነው አይደል?

ላብ ቴክኒሻን፦ ኧረ ባክቴሪያው ነው፣ ኤች ፓይሎሪ!

እንግዳ፦ እሱማ ስንቱ ሰው አለበት፣ ሁሉም ካንሰር ያዘው?

ላብ ቴክኒሻን፦ ሁሉም አይያዝም ማለት መንስኤ አይደለም ማለት ነው እንዴ?

መልስ፦ ቴክኒሻኑ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ሰናይት፦ የእናቴም ኸር-2፣ 2 ፕላስ ነው። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ፊሽ።

የአዳማው፦ ስንት ዓመት እንደምንኖር የሚነግር ፕሮቲን የትኛው ነው?

መልስ፦ የለም። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ስቴጁ ነው፦ ካንሰሩ ምን ያህል ዘልቋል፣ ስንት ንፍፊት ይዟል፣ ሌላ አካል ደርሷል ወይ። የበሽታውን አካሄድ የሚተነብይና ለመድኃኒት የሚያስመርጥ ምርመራ አትቀላቅሉ። ኸር-2 ዋና ጥቅሙ መድኃኒት ለማስመረጥ ነው።

ሁለቱንም የሚነኩ 4 ፕሮቲኖች አሉ፦ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6። የዲኤንኤ ስህተት አራሚዎች ናቸው። ከመካከላቸው የጠፋ ካለና ካንሰሩ በቀዶ ጥገና የሚወጣ ከሆነ፣ ተስፋው ከሌላው ይሻላል። በእንግሊዙ ማጂክ ጥናት እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ኬሞው የጠቀማቸው አይመስልም፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር። ካንሰሩ ሲሰራጭ ደግሞ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣ ሕክምና) በብዛት የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው። የእነዚህን 4 ፕሮቲኖች የቀለም ምርመራ ሳያሠሩ ሕክምና መጀመር ያሳዝነኛል።

የአዳማው፦ ታዲያ በግምት ስንት ዓመት?

መልስ፦ ስቴጁን ሳትነግረኝ? አልመልስም።

ከዋሽንግተን፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ክላውዲን 18.2 እዚህ ላሠራለት እፈልጋለሁ። የሪፖርቱን ፎቶ ልኮልኛል።

መልስ፦ ክላውዲን 18.2ም በካንሰሩ ሴል ላይ የሚፈለግ ፕሮቲን ነው፤ ፎቶ ግን አይቀለምም። የፓራፊን ብሎኩን (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ከነሪፖርቱ ያስወጣ፤ በቂ ካንሰር ካለበት አዲስ ባዮፕሲ ላያስፈልገው ይችላል። ከካንሰሩ ሴሎች ቢያንስ 75 ፐርሰንቱ በመካከለኛ ወይም በደማቅ ከቀለሙ ፖዘቲቭ ይባላል፤ መድኃኒቱ ዞልቤቱክሲማብ ነው። አሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኸር-2 ኔጌቲቭ መሆኑም ይረጋገጥ። ብሎኩን ከመላክህ በፊት ግን ፎርማሊን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጠይቅልኝ።