ከካታንጋ እስከ ቱቦው

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራሁት በከተማ ፍሳሽ ላይ ነው። ቦይ አስቆፍሬያለሁ፣ ቱቦ አስጠርጌያለሁ። የእግር ኳስ ጨዋታ ባለ ቀን ግን አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ በሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ነበርኩ። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ግማሾቻችሁ እዚሁ ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ።

አንድ ክረምት መንገድ በውሃ ተሞልቶ ተጠራን። የቱቦውን ክዳን ስናነሳ የወጣው ባብዛኛው ሃይላንድ ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስን ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ከመሃሉ በቡድኔ ቀለም የተሠራ የፕላስቲክ ባንዲራ ተጎተተ። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ሰሞን ጠርሙሴን እግሬ ሥር ጥዬ ነበር ከካታንጋ የወጣሁት።

ከዚያ አንድ ክለብ ቢሮ ሄድኩ። በየመውጫው በርሜል ይቀመጥ፣ ጠርሙሱ ለቁራሌው ይሸጥ አልኳቸው። "ጋሼ፣ እኛ የተጫዋች ደሞዝ አልከፈልንም" ብለው ሸኙኝ። እውነታቸውን ነው። በሩን የሳትኩት እኔ ነኝ። መሄድ የነበረብኝ ደጋፊ ማኅበሩ ጋ ነበር። ክለብ ከማንም በላይ የሚፈራው ደጋፊውን ነው። አሰልጣኝ የሚያስባርር ድምፅ ያላችሁ ልጆች በርሜል ማስቀመጥ እንዴት ያቅታችኋል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ጃፓን ቤልጂየምን 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ መደበኛው 90 ደቂቃ አልቆ በተጨመረው ጥቂት ደቂቃ 3 ለ 2 ተሸነፈች። ደጋፊዎቿ ያን ሁሉ ሐዘን ይዘው ቆሻሻ ለቀሙ። እኔን የገረመኝ መልቀማቸው አይደለም። ከረጢቱን አስቀድመው ይዘው መምጣታቸው ነው።

ክለብም ከፈለገ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ኔይልስዎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ ፎረስት ግሪን ሮቨርስ የሚባል ቡድን አላት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሜዳው ላይ ሥጋም ወተትም አይሸጥም። በእኛ አነጋገር ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው! ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል አለ። ሳሩ ያለ ኬሚካል ነው የሚያድገው። ዋንጫ ያመጣል ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። በ2022 የሊግ ቱ (የእንግሊዝ አራተኛ እርከን) ሻምፒዮን ሆኖ አደገ፣ በ2023 እና በ2024 ተከታትሎ ወረደ። በጾሙ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ ጨዋታ ከሚያወጣው ጭስ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ድርሻ የደጋፊው ጉዞ ነው። የእኛ ሊግ በ2013 ዓ.ም. ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ማጫወት ሲጀምር ምክንያቱ ኮሮናና ቴሌቪዥን ነበር። የአውቶቡሱ ጉዞ ግን ቀነሰ። ለአየሩ ጥሩ፣ ቡድኑን በአካል ማየት ለናፈቀው ደጋፊ መራራ። እኔም ከናፈቁት አንዱ ነኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደጃፍ ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ይቆማል። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሦስቴ ከመዞር እሱ ይሻላል፤ መጨናነቁን ካታንጋ የለመደ ሰው ይችለዋል።

ለመጪው ጨዋታ አምስት ሆናችሁ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ያዙ። ቆሎና ለውዝ የምትገዙ ከሆነ በወረቀት የሚጠቀልሉትን እናቶች ፈልጉ። ጠርሙሱን መጀመሪያ ጨፍልቁት፣ ከዚያ ክዳኑን አጥብቁ። ክዳኑን ከረሳችሁ መልሶ ይነፋና ማዳበሪያው በግማሽ ሰዓት ይሞላባችኋል።