ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ መርሳት የያዛትን እናቴን ብቻዬን ማስታመም ከበደኝ

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። መርሳት ከጀመራት ሦስት ዓመት አለፈ፤ አሁን እኔንም በሞተችው እህቷ ስም ትጠራኛለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ «ቤቴ ልሂድ» እያለች ከበሩ ጋር ትታገላለች። ሆስፒታል አሳይተናት የመርሳት በሽታ ነው ተብለናል። ሁለት ወንድሞቼ አዲስ አበባ ሆነው ብር ይልካሉ፤ የማስታምማት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶ ስለቀረሁ እድሩ ቀጣኝ። ጎረቤት «አይዞሽ» ይልና ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ለእንደኔ ዓይነት አስታማሚ የሚሆን ድጋፍ አለ? ካለስ እንዴት ነው የሚጠየቀው? ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ።

መልስ፦ እህታችን፣ «የአስታማሚዎች መርጃ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቢሮ እስኪከፈት አይጠብቁ። የሚያስፈልግዎት ነገር ተበታትኖ ቀበሌዎ ውስጥ አለ፦ እድሩ፣ ሰንበቴው፣ የንስሐ አባትዎ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ወንድሞችዎም ጭምር። የጠፋው እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ነው። ለመጀመሪያው ወር ያ ሰው እርስዎ መሆንዎ አይቀርም። በድካም ላይ ድካም እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ሌላ መነሻ የለም።

ከአጠያየቁ እንጀምር። «ምን ልርዳሽ?» ሲሉዎት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አልፈልግ» ማለት የለመድነው ወግ ነው፤ አስታማሚን የሚጥለው ግን ይኸው ወግ ነው። «እባካችሁ እርዱኝ» ማለትም አይሠራም፤ ሁሉም ሌላው ይሄዳል ብሎ ይቀራል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሥራውን ለይተው ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩ፦ «ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እናቴ ዘንድ ቁጭ በይልኝ።» ከዚህ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ከእናትዎ ጋር የሚከብድዎትን ሰዓት በወረቀት ይያዙ። ማታ ማታ ከሆነ፣ ወይም የገላ መታጠቢያው ቀን ከሆነ፣ ከወረቀቱ ላይ ይታያል።

ለመጀመሪያው ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ይበቃል። አራት ሰው ካገኙ ለእያንዳንዱ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ አምስተኛ ሰው ለተጠባባቂነት ይያዙ። ጊዜውን ደግሞ ይገድቡት፦ 12 ሳምንት። በ12 ሳምንት ውስጥ 24 ተራ አለ፤ አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ብቻ ይመጣል ማለት ነው። መጨረሻው የማይታወቅ ውለታ ሰውን ያስፈራል፤ በሁለተኛው ወር «ልጄ ታመመብኝ» እየተባለ ተራው የሚፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስድስት ጊዜ ሲባል ግን ጨርሶ በራሱ ፈቃድ የሚደግም ይበዛል።

አዲስ ሰው ለማስለመድ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ብዙ የመርሳት ሕሙማን ወደ ማታ ይቅበጠበጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ፊቱን ያልለመዱት ሰው ቢገባ ነገሩን ያባብሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እርስዎም ከእንግዳዋ ጋር አብረው ይቀመጡ። በሦስተኛው ለግማሽ ሰዓት ይውጡ፤ በአራተኛው ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ይልቀቁላት። ያገኙትን ሰዓት ለእንጀራ ጋገራና ለልብስ አጠባ እንዳያውሉት አደራ፤ ሌሊት የማይተኛ ሰው ቀን መተኛት አለበት።

ለረዳቶችዎ ቀድመው መንገር ያለብዎት ጥቂት ነገር አለ። ዋናው «አወቁኝ? ማነኝ?» የምንለው ነገር ነው። በእኛ ዘንድ የፍቅር ሰላምታ ነው፤ ለመርሳት ሕመምተኛ ግን የወደቁበትን ፈተና በሰው ፊት እንደ መድገም ነው። ያፍራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። ረዳቷ ገና ስትገባ ስሟንና የማን ልጅ እንደሆነች ራሷ ትናገር። ሌላው፣ ጥየቃ እየተባለ አምስት ስድስት ሰው አንድ ላይ መምጣቱ ነው። ወሬው ሲደበላለቅባቸው ይበልጥ ይጠፋሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው፣ ያውም ከለመዷቸው አንዱ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ስም ማጥፋት የሚመስለው ነገር ነው። እናትዎ አንድ ቀን ለጎረቤት «ምግብ ከለከለችኝ፣ ብሬን ሰረቀችብኝ» ሊሉ ይችላሉ። ዕቃ ያስቀመጡበትን ሲረሱ አእምሯቸው ክፍተቱን በሌባ ይሞላዋል፤ የበላ ሰው መብላቱን ይረሳል። ይህ የበሽታው ምልክት እንጂ ክፋትም ሐሰትም አይደለም። ጎረቤት ይህን ሳያውቅ ከሰማው ግን ወሬው ሰፈሩን ይዞራል፣ ተስፋ ያደረጉት ድጋፍም በአንድ ሳምንት ይበተናል። ስለዚህ ከመከሰቱ በፊት ይንገሩ። መድኃኒት መስጠት ደግሞ ለረዳት የሚተው ሥራ አይደለም፤ ሁለት ሰው ሰጥቶ ድርብ መጠን የሚዋጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ሳጥኑ በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

በሁለቱ ሰዓት ምን ይሠራሉ? ቁጭ ብሎ መተያየት ለሁለቱም ይከብዳል። የትናንቱን የሚረሳ ሰው እጁ የለመደውን ሥራ ረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። በመንዝ ላደገች ሴት ደግሞ የበግ ጠጉርና እንዝርት ከመስጠት የተሻለ ነገር አላስብም። ክሩ ቢበጣጠስ፣ ቢወፍር ምንም አይደለም፤ «ይህ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ግን አጠገባቸው አይቀመጥ። ባቄላ መፈልፈል፣ ጎመን መቀንጠስ፣ በቃል የሚያውቁትን ጸሎት አብሮ መድገምም ይሆናል። የፈላ ጀበና ግን ከእጃቸው ይራቅ።

ወደ እድሩ ልመለስ። ገንዘብ አይጠይቁ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ለቀብር ስለሆነ ክርክር ይነሳል። ለዳኛው ሁለት ነገር ብቻ ያቅርቡ። አንደኛው፣ አልጋ ላይ ያለ ወይም አእምሮው የታመመ ሰው የሚያስታምም አባል ለቅሶ በመቅረቱ እንዳይቀጣ፣ ወይም ወኪል መላክ እንዲችል። ይህ ለእርስዎ ብቻ የሚደረግ ልዩ አስተያየት አይደለም፤ ነገ በሌላው አባል ቤት የሚደርስ ነው፤ በዚህ መልክ ሲያቀርቡት ይቀበሉታል። ሁለተኛው፣ እድሩ ለለቅሶ ቤት ውኃ ቀጂና እንጨት ፈላጭ በተራ እንደሚመድብ ሁሉ ያንን የ12 ሳምንት ተራ እንዲመድብልዎት። እድር ተራ ማውጣት ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የሚለየው ሰውየው ገና በሕይወት መኖሩ ነው። በስብሰባው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይዘው ይሂዱና አሥር ደቂቃ ታስረዳ፦ በሽታው የአንጎል ሕመም መሆኑን፣ እንደማይተላለፍ፣ የቡዳም የእርግማንም አለመሆኑን፣ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብቻም አለመሆኑን። ጃፓን ከ2005 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ተራውን ሕዝብ፣ ባለ ሱቁንና የባንክ ሠራተኛውን ሳይቀር፣ ስለ መርሳት በሽታ የ90 ደቂቃ ትምህርት እየሰጠች ደጋፊ አድርጋለች። ለእድር አሥር ደቂቃ ለመነሻ ይበቃል።

በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት መዞር ሥራቸው ነው፤ እናትዎን በጉብኝት መዝገባቸው እንዲይዙልዎት ይጠይቁ። የደም ግፊት ይለካሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይልካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ እድሳቱ በየዓመቱ ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍብዎት፤ ሆስፒታል ሲሄዱም ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይያዙ፣ ያለዚያ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ምልመላው የሚካሄደው ቀበሌ ላይ ስለሆነ የሐኪሙን ማስረጃ ቅጂ ይዘው ይቅረቡ።

ወንድሞችዎ ብር በመላካቸው ድርሻቸውን የጨረሱ እንዳይመስላቸው። በኒውዮርክ ለረጅም ዓመታት የተካሄደ አንድ ጥናት ለአስታማሚዎች ስድስት የምክር ስብሰባ ሰጥቶ ነበር፤ ከስድስቱ አራቱ ከአስታማሚው ጋር ሳይሆን ከቤተ ዘመዱ ጋር ነበሩ። ከዚያ በኋላ የድጋፍ ቡድንና የስልክ ምክር ተጨመረበት። ውጤቱ፣ ሕሙማኑ ወደ መጦሪያ ተቋም የሚገቡበት ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ዘገየ። ስለዚህ በስልክ ሦስታችሁ አንድ ላይ ተነጋገሩና በቁጥር ተስማሙ፦ ማን በዓመት ስንት ሳምንት መጥቶ ቤቱን ይይዛል? የሠራተኛ ደመወዝ ማን ይከፍላል? እናትዎን ግን በየወሩ ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ እያመላለሱ አያዙሯቸው። የለመዱት ቤት፣ የለመዱት በርና ጓዳ የቀረ ትውስታቸው ነው፤ ልጆቹ ወደ እናት ይምጡ።

የንስሐ አባትዎን በጾም ጉዳይ ያማክሩ። የመርሳት ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ይከሳል፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ የግፊት መድኃኒት መዋጥ ደግሞ አዙሮ ይጥላል። ሕመምተኛ ከጾም እንደሚፈታ ቄሱ ራሳቸው ቢናገሩ ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሌላ ጠበል ሊወስዷቸው ካሰቡም አልከለክልም። መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ በማለዳው ብርድ ውስጥ ራቁታቸውን አይቁሙ፣ በሰው ግርግር መካከል ለደቂቃም ብቻቸውን አይተዉ። ማሰር ግን ፈጽሞ የለም።

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊት በነጠላ የወጣ አዛውንት ጠዋት ላይደርስ ይችላል። በሩን ከውጭ መቆለፍ እሳት ቢነሳ ወጥመድ ነው። ከዚያ ይልቅ የበግ ቃጭል በሩ ላይ ይስቀሉ፣ ሲከፈት ይቀሰቅስዎታል። በጋቢያቸው ጠርዝ ውስጥ በኩል ስልክ ቁጥርዎን በጨርቅ ጽፈው ይስፉ። ከጠፉ መጀመሪያ ወደ ተወለዱበት ቤትና ወደ ደብሩ አቅጣጫ ይፈልጉ፤ ሲጣሩ ላይመልሱ ስለሚችሉ በጩኸት ብቻ ሳይሆን በዓይን፣ ጥሻውንና የገደሉን አፋፍ ጭምር። «ቤቴ ልሂድ» ሲሉም «ቤትሽ ይኸው ነው» ብለው አይከራከሩ። «እሺ፣ ትንሽ አረፍ ብለን እንሄዳለን» ይበሉና ሽንት፣ ረኃብ፣ ብርድ ወይም ሕመም እንዳለባቸው ይመልከቱ። ስለ ከሰል አንድ ነገር ልጨምር፦ ውጭ ነዶ ጭሱ ያለቀ ፍም መርዙ የወጣለት ይመስላል፤ አልወጣለትም። በተዘጋ ክፍል የማይሸት ጋዝ ይተፋል፤ ካልገደለ ያደነዝዛል፣ ሰውም «በሽታው ጸና» ይላል።

ሦስት ዓመት ቀስ እያለ የመጣ ሕመም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከጸና የመርሳት በሽታው ነው ብለው አይተዉት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ ማነስ፣ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ወይም አዲስ መድኃኒት ይሆናል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ ያለ ሐኪም የሚገዛ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚን ወይም ክሎርፌኒራሚን መርሳቱን ያባብሰዋል። ሃሎፔሪዶልም ለእነዚህ ሕሙማን የስትሮክና የሞት አደጋን ስለሚጨምር ሐኪም ካላዘዘ አይነካም። የቫይታሚን ቢ12፣ የእንቅርትና የቂጥኝ ምርመራ ካልተደረገላቸው ይጠይቁ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ለዓመታት አጥብቀው ለጾሙ አዛውንት መመርመሩ ዋጋ አለው። የመስማትና የዓይን ሞራ ምርመራም እንደዚሁ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መንገድ በሚቆራረጥበት ወቅት የአንድ ወር ትርፍ ይያዙ።

በ1997 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ላይደን በምትባል የሆላንድ ከተማ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕሙማኑን፣ ቤተሰባቸውንና ባለሙያዎችን ቡና እየጠጡ በወር አንድ ቀን የሚነጋገሩበት ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ቡናው በእኛ ቤት አይጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቀበሌዎ እንደ እርስዎ የሚያስታምሙ ሁለት ሦስት ቤቶች ታውቃለች። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሰንበቴው በኋላ ተሰብሰቡ። ከመጀመሪያው አንድ ሕግ ያውጡ፦ እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል። ያለዚህ ሕግ «እናቴን ልመታት እጄን አነሳሁ» ብሎ የሚናገር አይኖርም፤ ስብሰባው የሚያስፈልገው ግን ይኸን ለሚናገር ሰው ነው።

እርስዎም እጅዎን እስከ ማንሳት ከደረሱ፣ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚለው ሐሳብ ከተመላለሰብዎት፣ እናትዎን ለጎረቤት ሰጥተው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በሚቀጥለው የእናትዎ ቀጠሮም ለራስዎ ካርድ ያውጡ፤ ግፊትዎን ይለኩ፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙም ለሐኪሙ ይንገሩት።